መቃብሩ ስላልታወቀ ሙት ልቅሶ



አባቶቻችን በሥርዓተ ልቅሶ ውስጥ ያኖሩት ጥበብ፣ መርዶው ገና ጎሕ ሲቀድ ዘመድና ሽማግሌ ባለበት እንዲነገር፣ አልቃሿ የሟቹን ዘርና ሙያ እያነሣች እንድታስለቅስ፣ በተዝካሩና በሙት ዓመቱም ወዳጅ ጎረቤት ተጠርቶ ታሪኩ እንደገና እንዲወሳ በማዘዝ ኀዘንተኛውን ከብቸኝነት የሚያድን ስለ ሆነ፣ ይህ ሥርዓት በግድ በተቋረጠበት ቤት ኀዘኑ ሳይሽር ለልጅ ልጅ እንደሚተርፍ የኢትዮጵያ አይሁድ የሆኑት የቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ታሪክ ያስረዳናል።

ከጎንደርና ከትግራይ አውራጃዎች ተነሥተው፣ ኢየሩሳሌምን እያሰቡ፣ ይልቁንም በ1976ና በ1977 ዓ.ም. በእግራቸው ወደ ሱዳን ከተጓዙት መካከል ወደ 4000 የሚገመቱት በመንገድ ላይ በጥምና በሽፍታ፣ እንደ ኡም ራኩባ ባሉት የስደተኞች ሰፈሮችም በረኃብና በበሽታ አልቀዋል። በዚያ ሰፈር አይሁዳዊነትን መግለጥ የሚያስፈራ ነበርና፣ ብዙዎች ሙታናቸውን በሌሊት በስውር ቀበሩ፤ ዋይ ብሎ ማልቀስ ምስጢርን ማውጣት ስለ ነበረ፣ ልጇ የሞተባት እናት ድምፅዋን ውጣ አደረች፤ ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ተለይቶ እንዲነጻ የሚያዘውን የኦሪት ሕግ፣ በአገሩ ሳለ አጥብቆ ይጠብቅ የነበረው ሕዝብ፣ በዚያ መጠበቅ ተሳነው። ሞቱ አንድ ኀዘን ነው፤ ሟቹን እንደ ወጉ አለመሸኘት ግን ሌላ ኀዘን ነው፤ ይህ ሁለተኛው ከፊተኛው ይልቅ የሚከብድ ይመስለኛል።

ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. በተደረገው የሙሴ ዘመቻ በአውሮፕላን ተጓጉዘው እስራኤል የገቡት፣ አዲስ ቋንቋና አዲስ ኑሮ ሲገጥማቸው፣ ብዙዎቹ ያዩትን በልባቸው ይዘው ዝም አሉ።

ከዚህ ዝምታ ያወጣቸው ጉባኤ ነው። የኢየሩሳሌም ቀን በሚከበርበት ዕለት፣ አስቀድሞ በራማት ራሔል፣ በኋላም እ.ኤ.አ. በ2007 በሄርጽል ተራራ በቆመው፣ የአገራችንን ጎጆ በሚመስለው መታሰቢያ ዙሪያ እየተሰበሰቡ፣ መቃብራቸው በሱዳን ምድር ለቀረ ሙታን በግልጥ ያለቅሳሉ። የመንግሥት ባለ ሥልጣናት መጥተው መናገራቸው ተገቢ ክብር ነው፤ ነገር ግን ፈውሱን ያመጣው የሹም ንግግር ሳይሆን፣ አረጋዊው በልጆቹ ፊት የሟቹን ስም ከነአባቱ ጠርቶ የሆነውን ሁሉ መተረኩ ነው ብዬ አምናለሁ። የስግድ በዓልም ከዚህ አይርቅም፤ ቀሳውስቱ ኦሪቱን ይዘው ወደ ከፍታ ሲወጡ ሕዝቡ በጾም ይከተላል፤ ከሚነበበውም መካከል፣ ከምርኮ የተመለሱት ሰዎች በአንድነት ቆመው የራሳቸውንና የአባቶቻቸውን ኃጢአት እንደ ተናዘዙ የሚያወሳው መጽሐፈ ነህምያ ይገኛል። የአባቶችን ነገር በአደባባይ ቆሞ መናገር ለዚህ ሕዝብ የቆየ ሥርዓተ አምልኮው ነው።

ሆኖም በዚያ ጉዞ ጐልማሳ የነበሩት ዛሬ አርጅተዋል፤ የልጅ ልጆቻቸው ደግሞ ብዙዎቹ አማርኛና ትግርኛ አይሰሙም። ስለዚህ በእስራኤል ላሉት ወጣቶች ምክሬ፣ የአያቶቻቸውን ቋንቋ ጥቂትም ቢሆን ተምረው፣ በየቤቱና በየምኩራቡ አረጋውያኑን ሰብስበው፣ ስለ ጉዞው እንዲያው በደፈናው ሳይሆን፣ ከየትኛው መንደር እንደ ተነሡ፣ የትኛውን ወንዝ በሌሊት እንደ ተሻገሩ፣ ማን ማንን አዝሎ እንደ ሄደ፣ ማን የት እንደ ተቀበረና በቀብሩ ላይ እነማን እንደ ነበሩ አንድ በአንድ እንዲጠይቁ፣ የሚሰሙትንም በጽሑፍና በድምፅ እንዲያኖሩ ነው።