የጠቆረውን የወጥ ቤት ቁም ሣጥን ስለ ማንጣት
(ለእናቶችና ለቤተ ሰብ የተሰጠ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን ስለ ወጥ ቤት ቁም ሣጥን ነው። ከእናንተ መካከል፥ «ይኼ ልጅ ስለ ክትባትና ስለ ውኃ ይንገረን እንጂ የአናጢ ሥራ ምን አገባው?» የምትል እናት ትኖር ይሆናል። ነገር ግን ሳህኑና ብርጭቆው፥ የተረፈው እንጀራና የሕፃኑ ማንኪያ የሚያድሩት በዚያ ቁም ሣጥን ውስጥ ነውና ነገሩ የጤና ነገር ነው።

በብዙ ቤት ቁም ሣጥኑ ጠቁሯል። አንዳንዱ ሲሠራ ጀምሮ ጠቆር ያለ ቫርኒሽ የተቀባ ነው፤ ሌላው የማገዶ ጭስና የቅቤ ወዝ ተደራርበው ያጠቆሩት ነው። ጥቁር ነገር ደግሞ እድፍን ይሸሽጋል። በረሮ የሄደበት፥ የአይጥ ዓይነ ምድር፥ የፈሰሰ ወጥ፥ ሁሉም በጥቁሩ ላይ አይታይም። ነጣ ያለ እንጨት ግን ምስክር ነው፤ ሲቆሽሽ ወዲያው ይናገራል። ማታም የመብራቱን ብርሃን ስለሚመልስ ጓዳው ፈካ ይላል። እንግዲህ የምናነጣው ለማማር ብቻ ሳይሆን እድፉን አይተን ለማጠብ ነው።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባል የለም? እኛም ከመቀባት ማጠብ ይቅደም እንላለን። በወዝና በጥላሸት ላይ የተቀባ ቀለም አይዝም፤ ጥቂት ቆይቶ ይላጥና ቅርፊቱ በምግብ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ሥራው በተራ እንዲህ ነው።

አንደኛ፤ ዕቃውን ሁሉ አውጥታችሁ ቁም ሣጥኑን ከእሳትና ከምግብ ርቆ ነፋስ ወዳለበት ጥላ አውጡት። በሮቹ የሚነቀሉ ከሆኑ ንቀሏቸው።

ሁለተኛ፤ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና እሹት። ወዙ አልለቅ ካለ የአመድ ውኃ ያስለቅቀዋል፤ ነገር ግን የአመድ ውኃ ቆዳን ይልጣል፥ ዓይንንም ያቃጥላል፤ ስለዚህ እጃችሁን በጓንት ወይም በላስቲክ ሸፍኑ። ከዚያ በንጹሕ ውኃ ሁለት ጊዜ አለቅልቁትና ጥላ ውስጥ እስኪደርቅ ድረስ ተዉት። እርጥብ እንጨት ቀለም አይቀበልም። አንዳንዶች እንጨቱን ለማንጣት በረኪና ይጨምራሉ። በረኪና ከሎሚ፥ ከኮምጣጤ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል፤ ሳንባን የሚጎዳ መርዘኛ አየር ይወጣዋልና።

ሦስተኛ፤ እንጨቱ ራቁቱን ነው ወይስ ቀድሞ ቀለም ተቀብቷል? ብላችሁ እዩ። ራቁቱን ከሆነ፥ እንጨቱ በተዘረጋበት መስመር በብርጭቆ ወረቀት ብትፈትጉት የጠቆረው ፊቱ ይነሣና ከሥሩ የተፈጥሮ መልኩ ይወጣል። ዝግባ ከሆነ በዚሁ ብቻ ፈካ ይላል፤ ጥድ ግን ቀላ ማለቱ አይቀርም። አቧራው እንዳይገባባችሁ አፍና አፍንጫችሁን በጨርቅ ሸፍኑ።

ቀድሞ ቀለም ወይም ቫርኒሽ የተቀባ ከሆነ ግን፥ እናቶቼ፥ እዚህ ላይ ልብ በሉኝ። በቆየ ቀለም ውስጥ እርሳስ ወይም ሊድ የሚባል ማዕድን ሊኖር ይችላል። በአገራችን በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው ሊድ ከአንድ ሚሊዮን እጅ ከ90 እጅ እንዳይበልጥ አዝዟል፤ ከዚያ በፊት የተቀባው ግን ምን እንደ ያዘ በዓይን አይታወቅም። ይህ ማዕድን የሕፃንን አእምሮ ይጎዳል፤ ልጁ ትምህርት አልገባው ይላል፥ ደሙም ያንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፥ ጉዳት የለውም የሚባል የሊድ መጠን አይታወቅም። የሚድኸው ሕፃን አቧራውን በእጁ ይነካል፥ እጁን ወደ አፉ ይከታል፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ስለዚህ የቆየ ቀለም በደረቁ አይፋቅ፥ በእሳትም አይለብለብ። ደህና ሆኖ የያዘ ከሆነ አትንኩት፤ አጥባችሁ በላዩ ቀቡ። መሻከር ካስፈለገው በውኃ እያራሳችሁ በቀስታ ፈትጉት፤ ዝቃጩን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋችሁ በላስቲክ ቋጥራችሁ አስወግዱ። ሕፃናትና ነፍሰ ጡር እናቶች በአካባቢው አይኑሩ። ሥራው ሲያልቅ እጅና ፊት በሳሙና ይታጠብ፤ የተሠራበትም ልብስ ለብቻው ይታጠብ። ከሁሉ በላይ፥ ቀለም የተቀባ አሮጌ ሣንቃ ለማገዶ አይሁን፤ ጭሱና አመዱ መርዝ ነው።

አራተኛ፤ ቀለሙን ቀቡ። ነጭ ወይም የቅቤ መልክ ያለው ቀለም ይሻላል። የጭስ እድፍ በውኃ በሚበጠበጥ ቀለም ውስጥ ሰርጎ ይወጣል፤ ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ጊዜ በዘይት ቀለም ማፈን ይገባል። ስትገዙ ሊድ የሌለበት መሆኑን ጣሳው ላይ እዩ፥ ማንበብ የሚችል ልጅም ያንብብላችሁ። አንድ ጊዜ አወፍሮ ከመቀባት ሁለት ጊዜ አሳስቶ መቀባት ይበልጣል፤ በመካከሉም ጣሳው ላይ የተጻፈውን ጊዜ ጠብቁ። እንጀራና ዳቦ በቀጥታ የሚያርፍበት መደርደሪያ ቀለም አይቀባ፤ ይልቁን ፈትጋችሁ ንጹሕ ሙሽማ አንጥፉበት። ቁም ሣጥኑም ሽታው ሳይጠፋ ወደ ቤት አይግባ።

የቀለም ማቅጠኛ፥ ነጭ ጋዝና በረኪና በለስላሳ ወይም በውኃ ጠርሙስ አይቀመጡ። የጠማው ልጅ ጠርሙሱን አይቶ ይጠጣል። እንዲህ ያለ አደጋ ቢደርስ፥ ብዙ ሰው እንደሚያደርገው ልጁን ለማስታወክ አትሞክሩ፤ ሲመለስ ወደ ሳንባ ገብቶ የባሰ ይጎዳዋልና። ጠርሙሱን ይዛችሁ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ።

በመጨረሻ፥ ቁም ሣጥኑን ምን ያጠቆረው? ጭስ አይደለም እንዴ? ጭሱ መውጫ ካላገኘ አዲሱም ቅብ ከጊዜ በኋላ ይጠቁራል። በእንጨቱ ላይ የምታዩት ጥላሸት በእናትየዋ ዓይንና በጀርባዋ ባዘለችው ሕፃን ሳንባ ውስጥም ይገባል። እንጨቱን ማጠብ ይቻላል፤ ሳንባን ግን ማን ያጥበዋል? ስለዚህ ቀለም ከመግዛት በፊት ለወጥ ቤቱ መስኮት ክፈቱ፤ ቢቻል ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ሥሩ። ገንዘቡ ለሁለቱ ካልበቃ ጭስ ማውጫው ይቅደም፤ ቁም ሣጥኑ ታጥቦ ብቻ ይቆያል።

ከዚያ ወዲያ በሳምንት አንድ ቀን ዕቃውን አውጥቶ በሳሙና ውኃ መወልወል ይበቃል። ይህም የእናት ሥራ ብቻ አይደለም፤ አባትም ይፈትግ፥ ትልልቆቹም ልጆች ያለቅልቁ።