እንግዳው ሲወድቅ አስተናጋጁን መመርመር



ዛሬ የምናገረው በእጅ ስለማይዳሰስ መሣሪያ ነው። ቨርቹዋል ማሽን በአንድ ኮምፒውተር ላይ በሶፍትዌር የተሠራ ሌላ ኮምፒውተር ነው። በውስጡ የሚሠራው እንግዳ ሥርዓት የራሱ ዲስክና የኔትወርክ ካርድ ያለው ይመስለዋል። በእውነቱ ግን በአስተናጋጁ ላይ የሚሠራ፣ ኪውኢምዩን የመሰለ ፕሮግራም የመሣሪያዎቹን ጠባይ እየመሰለ መልስ ይሰጠዋል። ይህ ማስመሰል በተሳሳተ ጊዜ ማሽኑ ድንገት ይወድቃል።

በመሆኑም መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «የወደቀው ማን ነው?» የሚለው ነው። የአስተናጋጁ ፕሮግራም እየሠራ እንግዳው ብቻ ከቆመ፣ ምርመራው ከእንግዳው ከርነልና ድራይቨር ይጀመር። ፕሮግራሙ ራሱ ከሞተ ግን የሊኑክስን መዝገብ እንመልከት። የሞተው በሲግናል 9 ከሆነ፣ አስተናጋጁ ሜሞሪ አንሶት ገድሎት ሊሆን ይችላል። በሲግናል 11 ከሆነ ግን ጥርጣሬው በአስመሳዩ ላይ ያርፋል፤ እንግዳው የቱንም ያህል ቢሳሳት አስተናጋጁን ለመጣል ሊበቃ አይገባምና።

ሁለተኛው እርምጃ፣ ፕሮግራሙ ሲሞት የተቀመጠውን የሜሞሪ ቅጂ በዲበገር መክፈት ነው። የመጨረሻዎቹ ፈንክሽኖች ስም ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛውን መሣሪያ ይጠቁማል። ሦስተኛው፣ የተጠረጠረውን መሣሪያ መለወጥ ነው፤ ለምሳሌ ኢ1000 የተባለውን የኔትወርክ ካርድ በቨርትአይኦ መተካት። ሁለት መሣሪያ በአንድ ጊዜ የለወጠ ግን የትኛው እንደ ፈወሰው አያውቅም።

ነገሩ ከአገልግሎት መቋረጥ የሚያልፍ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆነውና ቬነም የተባለው ጉድለት አሳይቷል። ጉድለቱ በኪውኢምዩ የፍሎፒ ዲስክ መቆጣጠሪያ ውስጥ ከ2004 ጀምሮ ተደብቆ የኖረ ነበር። መቆጣጠሪያው 512 ባይት የሚይዝ ማጠራቀሚያ ሲኖረው፣ አንዳንድ ትእዛዞች ጠቋሚውን በአግባቡ ወደ መነሻው አይመልሱትም ነበር። ከዚህ የተነሣ እንግዳው ከማጠራቀሚያው ወሰን አልፎ መጻፍ፣ ፕሮግራሙን መጣል፣ ብሎም በአስተናጋጁ ላይ የራሱን ኮድ ለማስኬድ መሞከር ይችል ነበር። ኬቪኤምና ዜን የዚህ ኮድ ተጠቃሚዎች ስለ ነበሩ አደጋው ለእነርሱም ተርፏል። ፍሎፒ ያልተገጠመለት ማሽን እንኳ አልዳነም፤ የመቆጣጠሪያው ኮድ በቦታው ነበርና።

ስለዚህ የማያስፈልገውን መሣሪያ እናስወግድ፤ ነገር ግን በዚህ ብቻ ሳንተማመን ፕሮግራሙን በወቅቱ እናድስ። የወደቀውን ማሽን ዳግም ማስነሣት አገልግሎቱን ይመልሳል እንጂ ምክንያቱን አያስወግድም። በአንድ አስተናጋጅ ላይ የብዙ ሰዎች ሥራ አብሮ ያድራልና፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ውድቀት የአንዱ ደንበኛ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታለፍ አይገባም።