ጅራፍና ምክር፤ ስለ ወጣት ስፖርተኞች አሠለጣጠን
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ልጅን ለስፖርት ማሠልጠን ማለት ጉልበቱን ማጠንከር ብቻ አይደለም። ጉልበት የሚታዘዘው ለልብ ስለ ሆነ፥ ልቡ የተሰበረ ልጅ እግሩ ምንም ቢጠነክር ሩቅ አይሄድም። ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁትም ይህንኑ ነው፤ ይኸውም የአሠልጣኝ ጠባይና አነጋገር በወጣት ስፖርተኛ ላይ ጭንቀትን ወይም ትጋትን እንዴት እንደሚያሳድር ነው። ለምሳሌ የምንይዘው አገር ደብረ ታቦርና በዙሪያው ያለው የደቡብ ጎንደር ደጋ ነው።

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከእርስዋ ብዙም የማይርቀው የጉና ተራራ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በፋርጣ፥ በጋይንትና በእስቴ የሚያድግ ልጅ ከብት ሲያግድ ዳገቱንና ቁልቁለቱን ይሮጣል፤ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ ብዙ መንገድ በእግሩ ይጓዛል፤ በገና ሰሞንም ሩሩን እየተከተለ ከሜዳ ሜዳ ሲሮጥ ይውላል። እንግዲህ ሳንባውንና እግሩን አገሩና ኑሮው አስቀድመው አሠልጥነውለታል ማለት ነው። ለአሠልጣኙ የቀረው ትልቁ ሥራ የልጁን ልብ መያዝ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ልጅ ወደ ሜዳ የሚመጣው ባዶ ትከሻ ይዞ አይደለም። በከፍታው ላይ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ጠንካራ ልምምድ ቶሎ ያደክማል። ከሥራ የመጣ፥ ወይም በጾም ወራት እስከ ቀትር ሳይቀምስ የቆየ ሊሆን ይችላል። ልጃገረድ ከሆነች ደግሞ ውሃ መቅዳትና የቤት ሥራ ይጠብቃታል። ከዚህም በላይ በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ጦርነት እስከ ጋይንትና እስከ ደብረ ታቦር ደርሶ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮም በክልሉ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው እንደ ነበር የታወቀ ነው። የመድፍ ድምፅ የሰማ ልጅ በአሠልጣኙ ጩኸት ሲደነግጥ፥ «ፈሪ ነህ» ተብሎ መሰደብ ይገባዋልን?

ጭንቀት ሁሉ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። በውድድር ዋዜማ ልቡ ትንሽ የማይመታ ሯጭ የለም፤ መጠነኛ መነቃቃት ሰውነትን ለሥራ ያዘጋጃል። ከልክ ሲያልፍ ግን ጡንቻ ይኮማተራል፥ ትንፋሽ ያጥራል፥ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል። ሐሳብም ከሩጫው ተነሥቶ «ብሸነፍ ምን እባል ይሆን?» ወደሚለው ይሄዳል። ሰው በአንድ ጊዜ መንገዱንም ውርደቱንም እያሰበ በደንብ ሊሮጥ አይችልም።

በዚህ ነገር ላይ ሊቃውንት ብዙ መርምረዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1939 ዓ.ም. ኩርት ሌዊን፥ ሮናልድ ሊፒትና ራልፍ ኋይት በአሜሪካ በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ያደረጉትን ምርመራ አሳትመው ነበር። 10 ዓመት ገደማ የሆናቸውን ልጆች በትናንሽ ማኅበር ከፋፍለው፥ የእጅ ሥራ እየሠሩ በሦስት ዓይነት አለቆች እንዲመሩ አደረጉ። አንዱ ሁሉን በትእዛዝ የሚያሠራ፥ ሁለተኛው ከልጆቹ ጋራ እየተመካከረ የሚመራ፥ ሦስተኛው ዝም ብሎ የሚተው ነበረ። በትእዛዝ የሚመሩት ልጆች አለቃቸው ቆሞ ሲያያቸው በርትተው ይሠሩ ነበር፤ ዘወር ሲል ግን ሥራው ይላላል፥ እርስ በርሳቸውም መጣላት ይበዛ ነበር። በምክር የሚመሩት አለቃው ቢወጣም ሥራቸውን ይቀጥሉ ነበር። ዝም ተብለው የተተዉት ደግሞ እምብዛም ሥራ አልሠሩም። ይህን ለሩጫ ብንተረጕመው፥ ሯጭ በውድድር ሰዓት ብቻውን ነው፤ አሠልጣኙ ከአጠገቡ የለም። ስለዚህ አሠልጣኝ ሲያየው ብቻ የሚተጋ ልጅ፥ በሚያስፈልገው ሰዓት ትጋቱን ያጣል።

ሁለተኛው ምስክር በሲያትል የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ሮናልድ ስሚዝና ፍራንክ ስሞል ከባልደረባቸው ጋራ ያደረጉት ነው። ቤዝቦል የሚባለውን ጨዋታ ልጆችን ለሚያስተምሩ አሠልጣኞች አጭር ትምህርት ሰጧቸው። ትምህርቱም መልካም ሥራን ማመስገን፥ ስሕተት ሲደረግ ማበረታታትና ማረሚያውን ማሳየት፥ ስድብንና ቅጣትን መተው ነበረ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1992 እንዳሳተሙት፥ በሚቀጥለው ዓመት ትምህርቱን ካላገኙት አሠልጣኞች ልጆች ከ100 26ቱ ጨዋታውን ሲተዉ፥ ትምህርቱን ካገኙት ዘንድ የተዉት ከ100 5 ብቻ ሆኑ። የሁለቱም ወገን የድል ብዛት ግን አልተለያየም። ልብ በሉ፤ ስድቡ ልጆችን አባረረ እንጂ ተጨማሪ ድል አላመጣም።

አንዳንድ ሰው ግን «ታላላቆቹ አሠልጣኞቻችን ጥብቆች አልነበሩምን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። እውነት ነው፤ በ2008 ዓ.ም. ያረፉት ዶክተር ወልደ መስቀል ኮስትሬ በጥብቅነታቸው የታወቁ ነበሩ። ነገር ግን ጥብቅነት ሌላ፥ ማዋረድ ሌላ ነው። ሰዓት ማክበር፥ ልምምድን አለማጓደል፥ ሥነ ሥርዓትን መጠበቅ ለልጅ የሚጠቅም ጥብቅነት ነው፤ በጓደኞቹ ፊት መሰደብ ግን ምንም አያስተምረውም። ደግሞም ለአገር ተመርጦ የቆመ ጐልማሳ የሚሸከመውን ሸክም 13 ዓመት በሆነው ተማሪ ላይ መጫን አይገባም።

አበበ ቢቂላን እናስታውስ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፥ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፥ በሮም ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ ሲያሸንፍ በባዶ እግሩ ነበረ፤ አዲሱ ጫማ ስላልተስማማው በለመደው ሮጠ። አሠልጣኙ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ነበሩ። «ሌሎቹ ሁሉ ጫማ አድርገዋልና አንተም ታደርጋለህ» ተብሎ ቢገደድ ኖሮ ምን ይሆን እንደ ነበር አስቡት። ሯጩን በሚገባ የሚያውቅ አሠልጣኝ ደንቡን ለሰው ያስማማል እንጂ ሰውን ለደንቡ አይሰብርም።

የበቆጂውም ምሳሌ አይዘነጋም። ደራርቱ ቱሉን፥ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን በመጀመሪያ የያዛቸው መምህር ስንታየሁ እሸቱ፥ በበቆጂ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነበረ። ከዚህ የምንማረው፥ የወደፊት ጀግና መጀመሪያ የሚወድቀው በአንድ ትንሽ ከተማ መምህር እጅ መሆኑን ነው። በደብረ ታቦር፥ በንፋስ መውጫ ወይም በመካነ ኢየሱስ ያለ መምህርም እንዲህ ያለ አደራ በእጁ አለ።

ስለዚህ ልጆችን የሚያሠለጥን ሰው እነዚህን ቢጠብቅ ይበጃል።

1ኛ፤ ልጁን ከትናንቱ ጋራ ያመዛዝነው እንጂ ከጓደኛው ጋራ ብቻ አያወዳድረው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

2ኛ፤ የልምምዱን ምክንያት ያስረዳው። ለምን ዳገት እንደሚሮጥ፥ ለምንስ እንደሚያርፍ ያወቀ ልጅ ሥራውን የራሱ ያደርገዋል።

3ኛ፤ ተግሣጹን ለብቻው፥ ምስጋናውን በጓደኞቹ ፊት ያድርግለት።

4ኛ፤ ጾሙን፥ ድካሙንና የቤቱን ኑሮ ይጠይቅ፤ ልምምዱንም በዚያው ልክ ያድርገው።

እናንተም የመንግሥት ሠራተኞች የሆናችሁ አድማጮች፥ ነገሩ የአሠልጣኞች ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሪፖርት የምትቀበሉት፥ በጀት የምትመድቡት፥ አሠልጣኝን የምትሾሙትና የምትሽሩት እናንተ ናችሁ። ሪፖርቱ የሚጠይቀው «ስንት ሜዳሊያ መጣ?» ብሎ ብቻ ከሆነ፥ በላይ የተጀመረው ጭንቀት በአሠልጣኙ በኩል ወርዶ በልጁ ትከሻ ላይ ያርፋል። «በመስከረም ከተመዘገቡት ልጆች በሰኔ ስንቱ ቀሩ? ከልጃገረዶቹስ ስንቶቹ አሉ?» የሚል አንድ ረድፍ ቢጨመርበት ወጪው ከቀለም አይበልጥም፤ የአሠልጣኙን ጠባይ ግን ከብዙ ስብሰባ ይልቅ ይለውጣል።

ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት፥ ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እንዳሠሩ ሁላችን እናውቃለን። ያም መድፍ በ1860 ዓ.ም. በብዙ ሰው ጉልበት ተጎትቶ መቅደላ ወጣ። ብረት በእሳት ይቀልጣል፥ በገመድም ተራራ ይወጣል። ልጅ ግን ተጎትቶ ቢወጣ እንኳ ገመዱ የተለቀቀ ዕለት ተመልሶ ይወርዳል፤ በፈቃዱ የወጣ እንደ ሆነ ግን ማንም ሳይጎትተው ሌላውን ተራራ ይፈልጋል።

«ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል» ይባላል። ልጆችን በስድብ ካባረረ በኋላ «የዛሬ ልጆች ጽናት የላቸውም» ብሎ የሚያማርር አሠልጣኝም እንደዚሁ ነው። ጅራፉ ለቡሄ ይቆይ፤ ለሜዳው ምክር ይበቃል።