የጎርፍ መውረጃችንና የአማካሪው ነገር
(በሠፈራችን የነዋሪዎች ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ኮሚቴው ያሰማው ንግግር፤ በስብሰባው ላልተገኙ እንዲደርስ በሰሌዳው ላይ የወጣ)



ሱቃችሁን ዘግታችሁ፣ የጫቱን ገበያ እንኳ ለሌላ ሰው አደራ ብላችሁ ስለመጣችሁ ኮሚቴያችን ምስጋናውን ያቀርባል። የዛሬው ጉዳይ ሽታው ከሁላችንም ቤት የሚገባ በመሆኑ ብዙ መግቢያ አያስፈልገውም። በደጃችን የሚያልፈው የጎርፍ መውረጃ ነው፤ ሁላችንም ዲች የምንለው።

እንደሚታወቀው ባሁኑ ጊዜ ከተሞች ችግር ሲገጥማቸው አማካሪ ድርጅት መቅጠር ተለምዷል። መንገድ ሲሠራ አማካሪ፣ ፕላን ሲከለስ አማካሪ፣ ከውጭ ብድር ሲገኝ ደግሞ የአካባቢና የማኅበራዊ ጉዳይ ጥናት የሚያዘጋጅ አማካሪ ይቀጠራል። በዓለም ባንክ ድጋፍ ከ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ 117 የኢትዮጵያ ከተሞችን ያቀፈው የከተሞች የተቋምና የመሠረተ ልማት ፕሮግራም መንገድና ቦይ ሲያሠራ፣ እያንዳንዱ ሥራ በአካባቢው ላይ ምን እንደሚያደርስ አስቀድሞ እንዲታይ ይጠይቅ ነበር። ነገሩ መጥፎ አይደለም። እኛም ዘንድ በቡናው ላይ፣ በእድሩ ላይ፣ በበርጫው ላይ «ለጎርፉ ቆሻሻ አማካሪ ይቀጠርልን ወይስ ይቅርብን?» የሚለው ጥያቄ ሲያከራክር ከርሟል። ግማሻችን ባለሙያ ይምጣልን ይላል። ግማሻችን ደግሞ ወረቀቱን ጽፎ ገንዘቡን ይዞ ይሄዳል ባይ ነው። ኮሚቴው ተወያይቶ የደረሰበትን በግልጽ እንናገራለን። አማካሪ ይምጣ። እኛ ሳንዘጋጅ የሚመጣ ከሆነ ግን ባይመጣ ይሻላል።

ለምን እንዲህ እንዳልን ለማስረዳት ከዝናቡ እንጀምር። ከተማችን ጭሮ፣ ታላላቆቻችን ዛሬም አሰበ ተፈሪ የሚሏት፣ ተራራ ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት። ከላይ የወረደ ውሃ ሁሉ በእኛ በኩል ያልፋል። ከኅዳር እስከ የካቲት ደረቅ ነው። በዚያ ሁሉ ወራት በቦዩ ውስጥ የማይጣል ነገር የለም። ገረባው፣ ፌስታሉ፣ የሃይላንዱ ፕላስቲክ፣ ከጋራዡ የፈሰሰ የተቃጠለ ዘይት፣ ከላቫጆው የወረደ የሳሙና ውሃ፣ የሥጋ ቤቱ እጣቢ፣ የከብቱ እበት ይጠራቀማል። የበልግ የመጀመሪያ ዝናብ ሲጥል ይህን ሁሉ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጠርጎ ይወስደዋል። ባለሙያዎች እንደሚሉትም ብዙ ጊዜ ከሁሉ የከፋው ብክለት ያለው በዚያ መጀመሪያ በሚወርደው ጎርፍ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ የሚወርደው ሲደፈርስ ያስፈራል እንጂ አብዛኛው አፈር ነው። አፈሩም ቢሆን ያው የእርሻችን አፈር መሆኑን ሳንረሳ ነው።

ብዙዎቻችን የተሳሳትንበት አንድ ነገር አለ። ዲቹ የፍሳሽ መስመር ይመስለናል። አይደለም። የሽንት ቤት ፍሳሽ በወግ በተሠራለት ቦታ ወደ ማጣሪያ ይሄዳል፣ ወይም በመኪና ተመጥጦ ይወገዳል። የዝናብ መውረጃ ቦይ ግን መጨረሻው ላይ ማጣሪያ የለውም። እንደገባበት ይወጣል። በቦዩ አፍ የገባ ነገር ሁሉ ወንዝ ገባ ማለት ነው።

ባለፈው ዓመት የሠፈራችንን ቦይ በዘመቻ ስንጠርግ ክዳኑን አንሥተን ያየነውን የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ከአራት ግቢ በድብቅ የተሳበ ቱቦ ተገኘ። አንደኛው የኮሚቴያችን አባል ቤት ነበር! ስም አንጠራም፤ እሱም አሁን እዚህ ተቀምጦ እየሰማን ነው። ቱቦውን ግን በሳምንቱ ዘግቷል። ሌሎቹ ሦስቱ እስካሁን ሲጠየቁ «ነገ፣ ነገ» ይላሉ። ሌሊት ዝናብ ሲጥል ጠብቆ ሽንት ቤቱን ወደ ቦዩ የሚለቅም አለ። ኧረ ይህ በእግዜርም በአላህም ዘንድ ነውር ነው! ከታች ያለው ጎረቤት እኮ ልጆቹን የሚያሳድገው እዚያው ነው። አተት ገባ ሲባል ቶሎ የሚነካውም እሱ ነው።

ከሠፈሩ ወጣ ብለን ስናይ ደግሞ ጉዳዩ የሰፋ ነው። የጨርጨር ተራራ ውሃ ከፋይ ነው። የሰሜኑ ወገን ወደ አዋሽ ተፋሰስ፣ የደቡቡ ወደ ዋቢ ሸበሌ ይወርዳል። ስለዚህ እኛም ሆንን የሂርና፣ የበዴሳና የገለምሶ ሰዎች የላይ ሰዎች ነን። ከእኛ በታች ከብቱን ከወንዝ የሚያጠጣ ሰው አለ። ከወንዙ ቀድቶ የሚጠጣም አይጠፋም። ጎርፍ ምን እንደሚያመጣ ድሬዳዋ አስተምራናለች። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ከደጋው የወረደው የደቻቱ ጎርፍ ከ250 በላይ ሰው ጨርሷል። ያ የውሃው ብዛት ያደረሰው ነው። የውሃው ቆሻሻነት ግን ድምፅ የለውም። ዚያችው ድሬዳዋ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ናይትሬት መብዛቱን ተመራማሪዎች ደጋግመው ጽፈዋል፤ አንዱ ምክንያት የሽንት ቤት ጉድጓድ ነው። የአዲስ አበባውም ያው ነው። የከተማው ጎርፍና ፍሳሽ በትልቁና በትንሹ አቃቂ ወርዶ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል። የደለሉና የቆሻሻው ነገር እዚያ ሄዶ ያየ ያውቀዋል።

ወደ ሕጉ እንመለስ። «ሕግ የለም» የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300፣ በአንቀጽ 5 የከተማ አስተዳደሮች ቆሻሻ እንዲሰበሰብ፣ እንዲጓጓዝና በደህና ሁኔታ እንዲወገድ የማድረግ ግዴታ ጥሎባቸዋል። በአንቀጽ 11 ደግሞ ማንም ሰው፣ የኔ ጉዳይ ነው ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን በሚጎዳ ሰው ላይ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችል ይናገራል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው፣ ወይም ውሳኔው ካላረካው፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 92 ሕዝብ በቀጥታ የሚነካው የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮጀክት ሲታቀድና ሲፈጸም ሐሳቡን የመስጠት መብት እንዳለው ይላል። ስለ ፌስታሉም ቢሆን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ዕገዳ ያለበትን አዲስ የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ አጽድቋል። ወረቀቱ አለን ማለት ነው። የጎደለው ቦዩ ውስጥ ወርዶ የሚያይ ሰው ነው።

ይህን ጉዳይ በጥብቅ ከያዙት መካከል አሜሪካኖች ይገኛሉ። የንጹሕ ውሃ ሕጋቸውን በ1972 እ.ኤ.አ. አወጡ፤ በ1987 አሻሽለው የዝናብ ጎርፍን አስገቡበት። መጀመሪያ በ1990 ሕዝባቸው ከመቶ ሺህ የሚበልጥ ከተሞች፣ በኋላም በ1999 ትንንሾቹ ከተሞች ሳይቀሩ ለጎርፍ መውረጃቸው ፈቃድ እንዲያወጡ ተገደዱ። መሐንዲስ የሌለው ትንሽ ከተማ ታዲያ ምን ያድርግ? አማካሪ ቀጠረ። እዚያ አገር ይህ ራሱን የቻለ የእንጀራ ገበያ ሆኗል። እኛን የሳበን ግን ሌላ ነገር ነው። ሕጉ ከትንንሾቹ ከተሞች ስድስት ሥራ ይጠይቃል። አራቱ የመሥሪያ ቤትና የባለሙያ ናቸው፤ በድብቅ የተሳበን ቱቦ ማግኘት፣ ግንባታ ላይ ያለ አፈር እንዳይታጠብ መከላከል፣ ግንባታው ካለቀም በኋላ የሚወርደውን ጎርፍ መቆጣጠር፣ የከተማውን የራሱን ጋራዥና ግቢ በንጽሕና መያዝ። ሁለቱ ግን ነዋሪውን ማስተማርና ነዋሪውን ማሳተፍ ናቸው። እነዚህን አማካሪ በደብዳቤ ሊፈጽምልህ አይችልም። ገንዘብ የተረፈው አገር እንኳ ያለ ሠፈሩ ሰው እንደማይሆንለት አውቆ በሕግ ጻፈው።

አሁን ወደ አማካሪው ችግር እንምጣ። በየከተማው እንደምንሰማው ጉዳዩ የሚበላሸው በሰውየው ክፋት አይደለም፤ በጊዜ ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያልቃል። ጨረታው ወጥቶ፣ ተገምግሞ፣ ውል ተፈርሞ ሥራ ሲጀመር ብዙ ጊዜ ዓመቱ ተጋምሷል። ባለሙያው በጥር ይመጣል፤ ቦዩ ደርቋል፤ ፎቶ ያነሣል፤ ሁለት ቀን አድሮ ይሄዳል። የበልጉ የመጀመሪያ ዝናብ ሲጥል እሱ አዲስ አበባ ነው። ከዚያም ስለ ጎርፍ የተጻፈ፣ ጎርፍ ግን ያላየ ሪፖርት ይመጣል። በእንግሊዝኛ! ከእኛ ማን ያነበዋል? መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ በሁለተኛው ዓመት አይጥ ይበላዋል።

ሽማግሌዎቻችን እንዳጫወቱን ይህች ከተማ ጨርጨርን የአብነት አውራጃ ለማድረግ በታሰበበት ዘመን፣ በ1910ዎቹ፣ በተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ገዥነት የተቆረቆረች ናት። እሳቸውም በሩሲያና በፈረንሳይ የተማሩ ባለሙያ ነበሩ። ልዩነቱ እዚሁ መኖራቸው ነው።  የዛሬን አማካሪ እዚህ ኑር ማለት አንችልም። ቢያንስ ግን ዝናቡን አብሮን ይጠብቅ ማለት እንችላለን።

እንግዲህ ዝግጅት ያልነው ምንድን ነው? ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ ዘዴ አለ። በዚያው በአሜሪካ የከተማ ሠራተኞች ይሠሩበታል። ሦስት ቀን ሙሉ ዝናብ ሳይጥል ከቆየ በኋላ ቦዩን ተከትሎ መሄድ ነው። ቦዩ ውስጥ ውሃ ካለ ያ ውሃ ከሰማይ አልመጣም፤ ከአንድ ቤት የመጣ ሊሆን ይችላል። እርጥቡን ተከትለህ ወደ ላይ ስትወጣ ቱቦው ጋ ትደርሳለህ። አረፋ ካለው ሳሙና ነው፤ ቀስተ ደመና ከመሰለ ዘይት ነው፤ ሽታውን ማንም አያጣውም። ለዚህ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ለእኛ ደግሞ በጋው ረጅም ስለሆነ ከአሜሪካኖቹ ይልቅ ይቀለናል።

ይህን ዝርዝር እኛ ከያዝን አማካሪው ሲመጣ ባዶ እጃችንን አይደለንም። ቢጋሩ ሲዘጋጅ ማዘጋጃ ቤቱ ሐሳባችንን እንዲቀበለን በጽሑፍ እንጠይቃለን። ናሙና የሚወሰደው አንዴ በደረቁ፣ አንዴ በበልጉ የመጀመሪያ ዝናብ ይሁን፤ ከነዋሪው ጋር በእግሩ ይሂድ። የሪፖርቱ ፍሬ ነገር በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ተጽፎ እዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። የመጨረሻው ክፍያ ነዋሪው ረቂቁን ሰምቶ አስተያየት ከሰጠ በኋላ ይሁን። ከሁሉ በላይ ከማዘጋጃ ቤቱ ወጣት ባለሙያዎች ሁለቱ ሥራውን አብረውት ይሥሩ፤ ሰውየው ሲሄድ እውቀቱ አብሮት እንዳይሄድ።

ስለ ጫቱ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም፤ ምክንያቱም ስብሰባው ላይ ያጉረመረማችሁ ነበራችሁ። ጫት የብዙ ቤት እንጀራ ነው፤ ማንም በነጋዴው ላይ ጣት ሊቀስር አልመጣም። ቅጠልና ገረባ ይበሰብሳል፤ በአንድ ጉድጓድ ቢጠራቀም ለእርሻ ማዳበሪያ ይሆናል። ቦዩን የሚደፍነው እሱ ከፌስታል ጋር ሲጠላለፍ ነው። ስለዚህ ከገበያው ማዶ ሁለት ማጠራቀሚያ ይደረግ፣ አንዱ ለቅጠል፣ አንዱ ለፕላስቲክ፤ የሚል ሐሳብ ከነጋዴዎቹ ራሳቸው ቀርቧል። ቦታውን ማን ይሰጣል በሚለው ገና አልተስማማንም። የሚጠብቀውን ሰው ደመወዝ በተመለከተም ከእድሩ ጋር ንግግር ላይ ነን።

የቱቦዎቹን ጉዳይ በሚመለከት ኮሚቴው የወሰነው ይህ ነው። በዝርዝሩ የሚገኝ ቤት ስሙ በሰሌዳ አይለጠፍም፤ በመጀመሪያ ሁለት ሽማግሌዎች ቤቱ ድረስ ሄደው ያነጋግሩታል። አቅም ለሌለው ጉድጓድ ለመቆፈር ወጣቶቹ ጉልበታቸውን ይሰጣሉ፤ ይህን ቃል ገብተዋል። አንድ ወር ተሰጥቶት ያልዘጋ ግን በአዋጁ መሠረት አቤቱታ ይቀርብበታል። የኮሚቴ አባልም ቢሆን።

ቦዩን የምንከተለው በመጪው ቅዳሜ ነው። ዓርብን ለጁምዓ፣ እሑድን ለቅዳሴ ትተን ቅዳሜን የመረጥነው ሁላችንም እንድንገኝ ነው። ከጧቱ 1 ሰዓት ላይ ከላይኛው ድልድይ እንነሣለን። ቦት ጫማ ያለው ያድርግ፤ የሌለው በጫማው ላይ ፌስታል ይሰር፤ ሲመለስ ግን ፌስታሉን ይዞ ይመለስ። ደብተርና እስኪርቢቶ ከኮሚቴው ይሰጣል። በታችኛው ጫፍ የሚኖሩት እናታችን ጎርፉ በየትኛው በር እንደሚገባ ከማናችንም በላይ ስለሚያውቁ መንገዱን እሳቸው እንዲመሩን ጠይቀናቸው እሺ ብለውናል።