ሥራዋን የለወጠችው መርከብ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



 የመረጥሁት ነገር የአንዲት መርከብ ታሪክ ነው። በደጋ አገር ተቀምጦ ስለ ባሕር ማውራት ምን ይሉታል የሚል ቢኖር፥ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት እንዲሰማኝ እለምናለሁ። ዓመታቱን የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የመርከቢቱ ስም «ፍራንስ» ይባል ነበር። የተሠራችው በፈረንሳይ አገር በሴን ናዜር ሲሆን፥ በ1960 ዓ.ም. ወደ ውኃ በወረደች ጊዜ ፕሬዚዳንት ደ ጎል በቦታው ነበሩ፤ ስሟንም ያወጡላት ባለቤታቸው ናቸው። ርዝመቷ ከ315 ሜትር በላይ ነበር። ሦስት የእግር ኳስ ሜዳዎች በቁመት ቢቀጠሉ ያን ያህል ይሆናሉ። በአራት ፕሮፔለሮች ውኃውን እየገፋች በሰዓት ከ55 ኪሎ ሜትር በላይ ትሄድ ነበር። 2,000 ያህል መንገደኞች ጭና ከለ ሃቭር ወደብ ተነሥታ በአምስት ቀን ኒውዮርክ ትደርሳለች። የሰሜን አትላንቲክ ባሕር ብርዱና ማዕበሉ ብርቱ ስለ ሆነ፥ መንገደኞች የሚንሸራሸሩባቸው ስፍራዎች በመስተዋት የተዘጉ ነበሩ። በ1962 ዓ.ም. የመጀመሪያ ጉዞዋን አደረገች፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሞና ሊዛ የተባለው ስመ ጥሩ ሥዕል ወደ አሜሪካ ሲላክ፥ በአደራ ያደረሰችው እርስዋ ነበረች። የአንድ ሕዝብ ክብር በባሕር ላይ ስትሄድ ማለት ይህ ነው።

ነገር ግን መርከቢቱ ከመጓዟ ከአራት ዓመት በፊት፥ በ1958 ዓ.ም.፥ መንገደኛ የሚጭኑ የጄት አይሮፕላኖች አትላንቲክን መሻገር ጀምረው ነበር። አምስት ቀን የሚፈጀው መንገድ በጥቂት ሰዓት የሚያልቅ ሆነ። አባቶቻችን «ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። መንግሥት በየዓመቱ ገንዘብ እየደጎመ ያንቀሳቅሳት ነበር፤ በ1973 ዓ.ም. የነዳጅ ዋጋ በድንገት ሲንር ግን ያ ሁሉ ሞተር የሚበላውን ማን ይችለዋል? በ1974 ዓ.ም. መንግሥት ድጎማውን አቆመ። ሠራተኞቿ ይህን በሰሙ ጊዜ ለ ሃቭር መግቢያ ላይ መርከቢቱን ይዘው መልሕቅ ጣሉ፤ እንጀራቸው ነበረችና። ቢሆንም አልተሳካላቸውም።

ከዚያ በኋላ መርከቢቱ በለ ሃቭር አንድ ጥግ ታስራ አምስት ዓመት ያህል ተቀመጠች። ሰዎች ያን ስፍራ «የመረሳት ወደብ» እያሉ ጠሩት። በ1977 ዓ.ም. አንድ የሳዑዲ ዓረብ ነጋዴ ገዛት፤ ያሰበው ሳይፈጸም ቀረ። በ1979 ዓ.ም. ግን የኖርዌይ ሰው ክኑት ክሎስተር ገዝቶ ወደ ጀርመን አገር፥ ወደ ብሬመርሃፈን አስጐተታት።

ይህ ሰው የተረዳው ነገር ምን ነበር? ሰዎች ከእንግዲህ ለመድረስ በመርከብ አይሄዱም፤ ለመድረስ የሚፈልግ አይሮፕላን አለለት። ለማረፍና ለመዝናናት ግን ይሄዳሉ። ስለዚህ የጉዞው ግብ ወደቡ መሆኑ ቀርቶ መርከቢቱ ራሷ ትሆናለች ማለት ነው።

በዚህ አሳብ ሥራው ተጀመረ። ከሁለቱ የሞተር ክፍሎች የፊተኛው ተዘጋ፤ ከአራቱ ፕሮፔለሮች ሁለቱ ተነቀሉ፤ ፍጥነቷም ወደ እኩሌታው ቀረበ። የሚያስቸኩላት ነገር ስለሌለ ነዳጁ ተረፈ። ለብርድ የተሠራችው መርከብ ፀሐይ የሚሞቁበት ሰፊ ደርብና መዋኛ ተጨመረላት፤ በመስተዋት የተዘጉት መንሸራሸሪያዎች ሱቆች የተደረደሩባቸው ጎዳናዎች ሆኑ። የካሪብ ደሴቶች ወደቦች ጥልቀታቸው ስላልበቃት፥ ደሴቶቹ ፊት ለፊት መልሕቅ ትጥልና መንገደኞቹን ሁለት ትላልቅ ጀልባዎች ያደርሷቸው ነበር፤ ጀልባዎቹንም በፊተኛው ደርብዋ ላይ ተሸክማ ትዞራለች። ጥቁሩ ጎኗ ሰማያዊ ተቀባ፤ ስሟም «ኖርዌይ» ተባለ። ከ1980 ዓ.ም. ጀምሮ ከማያሚ እየተነሣች ባሕሩን ዞራ በሳምንቷ ወደዚያው ወደ ማያሚ ትመለስ ነበር።

ይህን እንደ ውርደት የቆጠሩት ፈረንሳውያን ብዙ ነበሩ። ስሟን ጥላ፥ ፍጥነቷን ጥላ፥ የፀሐይ ሟቂዎች ማደሪያ ሆነች አሉ። ኀዘናቸው ይገባኛል። እስቲ ግን ዓመታቱን እንቁጠር። በተሠራችበት ሥራ ያገለገለችው 12 ዓመት ነው። በስሟና በክብሯ ታስራ የተቀመጠችው 5 ዓመት ነው። በተለወጠው ሥራዋ ያገለገለችው ግን 23 ዓመት ነው። በቅዱስ ወንጌል መክሊቱን በመሬት የቀበረው አገልጋይ አልጠፋበትም፤ እንደ ተቀበለው መለሰ፤ የተወቀሰው ግን እርሱ ነው።

ታሪኩን በዚህ ብጨርስ ደስ ባለኝ ነበር፤ ነገር ግን እውነቱን መሸፈን አይገባኝም። በሜይ 25 ቀን 2003 ዓ.ም. መርከቢቱ ማያሚ ወደብ ቆማ ሳለች ቦይለሯ፥ ማለት እንፋሎት የሚፈላበት ጋን፥ ፈንድቶ ስምንት ሠራተኞች ሞቱ። መርማሪዎች እንደ ገለጹት፥ የቦይለሩ ብረት በድካም ብዛት ተሰንጥቆ ነበር፤ አያያዙና ቁጥጥሩም ጉድለት ነበረበት። በ1990 ዓ.ም. ከላይ ሁለት አዳዲስ ደርቦች ተጨምረውላት ነበር፤ ከታች ያለው ቦይለር ግን ያው አሮጌው ነበር። መንገደኛ የሚያየው ሲታደስ ማንም የማያየው ስፍራ ተዘነጋ፤ ዕዳውን የከፈሉትም ከታች የሚሠሩት ድኾች ናቸው። ከዚያ ወዲህ መንገደኛ አልጫነችም። በ2006 ዓ.ም. በሕንድ አገር በአላንግ የባሕር ዳር ላይ ወጣች፤ በውስጧ ስላለው አስቤስቶስ ስለሚባለው ጐጂ ነገር በፍርድ ቤት ክርክር ተደርጎ፥ በመጨረሻ ተቆራርጣ ለብረትነት ተሸጠች። የአፍንጫዋ ጫፍ ግን ተቆርጦ ተረፈ፤ እርሱም በ2018 ዓ.ም. ወደ ለ ሃቭር ተመልሶ ቆመ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። አባቴ ዛሬ በመካከላችሁ ተቀምጦ ይሰማኛል። እርሱ በወጣትነቱ የጽሕፈት መኪና ተማረ፤ በጣቶቹ ፍጥነትም የታወቀ ነበር። ኮምፒዩተር መጥቶ መኪናው ቁም ሣጥን ውስጥ በገባ ጊዜ፥ በልጅነት ዕድሜ ካሉ ሴቶች አጠገብ ተቀምጦ እንደ ገና ጀማሪ ሆነ። እኔ ያን ጊዜ አልተወለድሁም፤ ነገር ግን የትምህርት ቤት ክፍያዬ የተከፈለው በዚያ ሁለተኛ ትምህርቱ ነው። አባባ፥ እስከ ዛሬ አላመሰገንሁህምና በዚህ ጉባኤ ፊት አመሰግንሃለሁ።

እኛም የምንማረው ሙያ በእጃችን ሳለ ሊያረጅ ይችላል። ያን ቀን «እኔ ለዚህ አልተማርሁም» ብለን በመረሳት ወደብ እንዳንታሰር። ስንለወጥም ደርብ በደርብ ላይ ብቻ አንጨምር፤ ማንም የማያየውን ቦይለራችንን፥ ማለት ሕሊናችንንና ትጋታችንን፥ እየመረመርን እንኑር።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን፥ መምህራኖቻችንንና ወላጆቻችንን ይባርክልን።