ሕፃናትን ሳያሳምሙ ስለ መውጋት



ከዚህ ከመካነ ሰላም ተምረን ወጥተን ዛሬ በጎንደር የጥርስ ሕክምና እንማራለን። በአገራችን በቦረና የሚያለቅስ ልጅ «ዝም በል፥ ሐኪሙ በመርፌ ይወጋሃል!» እየተባለ ያድጋል። እንዲህ ያደገ ልጅ ጥርሱን ሲታመም ገና ከበሩ ላይ ይጮኻል።

መርፌው ግን ሕመም ማስታገሻ እንጂ ቅጣት አይደለም። ሊዶኬይን የተባለውን ማደንዘዣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1943 የስዊድኑ ኬሚስት ኒልስ ሎፍግሬን ሠራው። መድኃኒቱ መልካም ቢሆንም ችኩል እጅ ያሳምምበታል። ስለዚህ አስቀድመን ድዱን በጥጥ አድርቀን የሚያደነዝዝ ቅባት እንቀባለን፤ ጥቂት ታግሠን ከንፈሩን ወጠር አድርገን እንይዛለን። ከዚያ መድኃኒቱን ቀስ ብለን እናስገባለን፤ አንዱን ሚሊ ሊትር በ1 ደቂቃ ያህል። (ደቂቃ አጭር ትመስላለች፤ ሰዓት ይዛችሁ ሞክሯት!)

«ምንም አያምህም» ብለን አንዋሸውም፤ ሁለተኛ አያምነንምና። «ትንሽ ቆንጠጥ ያደርግሃል፥ ከዚያ ጥርስህ ይተኛል» እንለዋለን።

እናንተም በሐኪም ማስፈራራቱን ተዉልን፤ የሚፈራ ልጅ ቀላሉንም ንክኪ እንደ ሕመም ይቆጥረዋል። ከሕክምናው በኋላ ከንፈሩ ለጥቂት ሰዓት ስለሚደነዝዝ እንዳይነክሰው ጠብቁት፤ እስኪለቀውም ድረስ ቆሎ አትስጡት።