ሀ ሁን የሚቆጥር ልጅ ሁሉ አንባቢ አይደለም
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ከአባላት አንዷ ያደረገችው ንግግር)

እህቶቼ፣ የዛሬው የቁጠባ ሒሳብ ቶሎ ስላለቀ ሰብሳቢያችን ይህችን ጊዜ ሰጥታኛለች፤ እግዜር ይስጥልኝ። የማወራችሁ ልጆቻችን ማንበብ እንዲጀምሩ እኛ ቤት ውስጥ ምን ልናደርግ እንደምንችል ነው። መምህርት አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ፣ ታናሽ ወንድሜን አዝዬ ነው። የምነግራችሁም በራሴ ቤት ተሳስቼ የተማርኩትን ነው።

የልጅ ልጄ ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው፤ አሥር ዓመቱ ነው። የፊደል ገበታ ግድግዳ ላይ ለጥፌለት፣ በእንጨት እያመለከተ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» አንድም ሳይስት ይወጣው ነበር። ቡና ላይ ጎረቤት ሲመጣ «እስኪ ቁጠርላቸው» እለዋለሁ። ይቆጥራል፤ እኛም «እደግ!» እንላለን። አንድ ቀን ከቅዳሜ ገበያ ያመጣሁት ሳሙና ላይ ያለውን ጽሑፍ «ምን ይላል?» አልኩት። ዝም አለ። ያኮረፈ መሰለኝ። ከዚያ አንድ ወረቀት መሐሉን ቀድጄ ገበታው ላይ አደረግሁና አንዲት ፊደል ብቻ፣ «ቸ»ን፣ አሳየሁት። ልጁ ወረቀቱን ገለጥ አድርጎ ከላይ ጀመረ። «ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ…» እያለ ወርዶ ወርዶ እቦታው ሲደርስ «ቸ!» አለኝ። ለካ የያዘው ዜማውን ነው እንጂ ፊደሉን አይደለም።

ይህ የእኔ ቤት ጉድ ብቻ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በስምንት ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከመቶ 34 ያህሉ ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ያውም በደኅናው ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ በ2012 በኮሮና ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ በ2013 መጨረሻ ጦርነቱ ላሊበላ ድረስ መጣ፤ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ያለውን ደግሞ እናንተው ታውቁታላችሁ። ዛሬ አሥርና አሥራ አንድ ዓመት ሞልቷቸው ከሰባት ዓመት ልጅ ጋር መቀመጥ የሚያፍሩ ልጆች አሉን። የእኔውም «ትምህርቱ ይቅርብኝ፣ በጎቹን ልጠብቅ» ብሎኝ ነበር። ሴት ልጅ ስትሆን ደግሞ «ካላነበበች ምን ትሠራለች?» ተብሎ ለባል ይታሰብላታል። ነገሩ ትንሽ እንዳይመስላችሁ።

የቀደሙት የኔታዎች ይህን ችግር ያውቁት ነበር። ልጁ ሀ ሁን ከጨረሰ በኋላ አቡጊዳን ያስቆጥሩታል፦ «አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ» እያለ ይሄዳል። እዚህ ላይ ቤተሰቡም ይለወጣል፣ ድምፁም ይለወጣል። በዜማ የያዘው አያድነውም፤ ቅርጹን ማየት ግድ ይለዋል። እኛ ሀ ሁን ይዘን አቡጊዳን ተውነው።

እንግዲህ እኔ ያደረግሁትን ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ገበታውን ለጊዜው ከግድግዳ አወረድኩት። 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ናቸው፤ እንደ «ቋ» ያሉት ገና ሳይቆጠሩ። ይህን ሁሉ ባንድ ጊዜ መጫን ለአህያም አይሆንም። ከሁለት ቤተሰብ ጀመርን፤ ከ«ለ» እና ከ«በ»፤ 14 ፊደል ብቻ። ለምን እነሱን ትሉኝ እንደሆነ፣ የአገራችን ስም እነሱ ውስጥ ስላለ ነው። «ላሊበላ» የሚለውን ልጁ በየሰሌዳው ላይ ሲያየው ያደገ ነው። አራት ፊደል ነው፤ ሦስቱ የ«ለ» ልጆች ናቸው። የፊተኞቹን ሁለቱን በእጃችሁ ሸፍኑ፤ «በላ» ይቀራል። የእኔው ልጅ ይህን ሲያይ ሳቀ፤ ማንበብ የጀመረው ያን ቀን ነው። በእነዚያው 14 ፊደሎች «ልብ»፣ «ባል»፣ «ሌባ»፣ «ሎሌ» ይጻፋል። ሙሉ ዓረፍተ ነገርም ይወጣል፦ «ባሌ በላ»። ሳቃችሁ፤ ልጆችም እንዲሁ ሲስቁ ነው የሚይዙት።

ሁለተኛ፣ ፊደሎቹን በካርቶን ቁራጭ ላይ በከሰል ጻፍኩና እንደ ገበጣ ጠጠር አደባለቅኋቸው። ልጁ አንዱን ያነሣል፣ ስሙን ይጠራል፤ ከዚያ ቃል ይሠራል። ካርቶን ከሌለ አመድ ላይ በጣት መጻፍ ይበቃል።

ሦስተኛ፣ የፊደሉን ምልክት እንዲያስተውል አደረግሁት። «በ»ን ተመልከቱ። «ቡ» በቀኝ ወገቡ ላይ ቅጥያ አለው፤ «ቢ» ቅጥያው እግሩ ሥር ነው፤ «ባ» ቀኝ እግሩ ይረዝማል፤ «ቤ» እግሩ ላይ ቀለበት አለው፤ «ቦ» ደግሞ ግራ እግሩ ይረዝማል። ይህን ያወቀ ልጅ «ሰ»ም «ሸ»ም ሲመጣበት አዲስ አይሆንበትም። ሥርዓቱን የሚያፈርሱ አሉ፤ በተለይ ሳድሱ፣ «ብ»፣ «ል»፣ «ር» የሚሉት፣ እንደየቤቱ ይለያያል። እነሱን ለብቻ ደጋግሞ ማሳየት ነው።

አራተኛ፣ በማይረባ ነገር አለመቆጣት። ልጁ «ሠ»ን በ«ሰ»፣ «ዐ»ን በ«አ» ቢለውጥ ድምፃቸው ዛሬ አንድ ነውና ጊዜ ያስተምረዋል። መጥበቅና መላላትም በጽሑፋችን አይታይም። «ገና ገና ነው» ብላችሁ ጻፉለት፤ የመጀመሪያው ይጠብቃል፣ በዓሉ ነው፤ ሁለተኛው ይላላል። ልጁ መጀመሪያ ሲያነበው ይሳሳታል። አትምቱት፤ «እስኪ ደግመህ አንብበው፣ ምን ማለቱ ነው?» በሉት። ራሱ ያቃናዋል።

አሁን ከመካከላችን «እኔ ራሴ ሳላውቅ እንዴት አስተምራለሁ?» የምትል እህት እንዳለች አውቃለሁ። አንቺን ነው በተለይ ላናግርሽ የፈለግሁት። ፊደሉን ባታውቂውም አማርኛውን ታውቂዋለሽ። ማታ ምጣዱን ካወረድሽ በኋላ ልጅሽን አጠገብሽ አስቀምጪና «አንብብልኝ» በይው። ያነበበው ቃል ጆሮሽ የማያውቀው ከሆነ «እንዲህ የሚባል ነገር የለም፣ ደግመህ እየው» በይው። ሲጨርስ «ምን አለ?» ብለሽ ጠይቂው። መንገር ካልቻለ ፊደሉን ጠራ እንጂ አላነበበም። ፊደል የማይፈልግ ጨዋታም አለ። እንጨት ስትለቅሙ፣ ውኃ ስትቀዱ «በ‹ላ› የሚጀምር ምን አለ?» በይው። «ላም፣ ላባ፣ ላስታ» ይልሻል። ድምፅን ከድምፅ መለየት የማንበብ ግማሹ ነው። «ሳይማሩ ያስተማሩን» የሚባልላቸው እናቶች ብር ብቻ አይደለም ያወጡት፤ ቁጭ ብለውም ሰምተዋል።

የልጅ ልጄ ዛሬ አቀላጥፎ ያነባል ብዬ አልዋሻችሁም። ቀስ ይላል፤ «ጸ»ና «ጰ» ያደናግሩታል። ግን በጎቹን ትቶ ትምህርት ቤት ገብቷል። ባለፈው ሳምንት የቁጠባ ደብተሬን አንሥቶ ስሜን አነበበ፤ ቀጥሎም «አያ፣ ይኸ ‹ብድር› ይላል፤ ተበድረሻል እንዴ?» አለኝ። ምስጢሬን ቢያወጣብኝም ደስ አለኝ።

አንድ ነገር ለማኅበራችን ላቅርብና ልቀመጥ። ሳምንታዊ ቁጠባ ስንሰበስብ እያንዳንዳችን አንድ ልጅ ይዘን እንምጣ። እኛ ሒሳባችንን ስንሠራ ከፍ ያሉት ሴት ልጆቻችን ታናናሾቹን በካርቶን ፊደል ያጫውቷቸው። መጨረሻ ላይ አንድ ልጅ ተነሥቶ ሁለት መስመር ያንብብልን፤ ከዚህ ከመጽሔታችንም ቢሆን። የተሳሳተ አይሳቅበት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ለአንዲት እናት የከበደው ለሁላችን ይቀልላል።